ኪሎው ሄዶ ቆዳው ሲቀር፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ በረንዳ ላይ የሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። አንዷን ቀሚሴን ብቻ ሦስት ጊዜ አጥብቦልኛል። መጀመሪያ 112 ኪሎ ነበርኩ። ከዚያ 95፣ ከዚያ 80፣ አሁን 74። በሦስተኛው ጊዜ ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠምጥሞ ቆም አለ። አፈር ብሎ «እዚህ ጋ የተረፈው ልብሱ ነው ወይስ...» አለኝ። ልብሱ አልነበረም። ቆዳዬ ነው።

ስለ መክሳት የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ከከሱ በኋላ ሆድ ላይ እንደ ባዶ ከረጢት ስለሚንጠለጠለው ቆዳ ግን አስቀድሞ የነገረኝ የለም። ስለዚህ አንዱን ስህተት ጨርሼ ወደ ሌላው ሄድኩ።

ስህተት 1፦ ቆዳውን ስብ ነው ብሎ መራብ

የባሰው ስህተቴ ይሄ ነው። መስታወት ፊት ቆሜ ሆዴን ስይዘው ቦርጩ ያልጠፋ መሰለኝ። ቁርስ ተውኩ። ቀጥሎ እራት ተውኩ። ሚዛኑ ወረደ፣ ሆዴ ግን ጭራሽ ተንዠረገገ። ሰውነት ሲራብ ስቡን ብቻ መርጦ አይበላም፣ ጡንቻውንም ይበላል። ቆዳን ከሥር ሞላ አድርጎ የሚይዘው ጡንቻ ሲሳሳ፣ ቆዳው የባሰ ይላላል።

መለየቱ ከባድ አይደለም። በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጉት። እንደ ነጠላ ጫፍ ስስ ሆኖ ከታጠፈ ቆዳ ነው። ወፈር፣ ሞላ ካለ ስብ አለበት። ብዙዎቻችን ሁለቱም አለን። ደግሞ ቆዳው ራሱ ኪሎ አለው። ሚዛን ላይ «አልወርድ አለኝ» የምትሉት የመጨረሻዋ ቁጥር በረሃብ የማይሄድ ቆዳ ልትሆን ትችላለች።

መራቡን ትቼ ፕሮቲን መቁጠር ጀመርኩ። ክብደት ለሚቀንስ ሰው በብዛት የሚመከረው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ነው። ለእኔ ቢያንስ ወደ 90 ግራም ይመጣል ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ስለሆነ በእንቁላል ብቻ አይሞላም። እኛ ቤት ደግሞ ሁለቱም ጾም አለ፤ የወሎ ቤት ነውና ሁዳዴውም ረመዳኑም ይገባናል። በሁዳዴ ምስሩን፣ ባቄላውን፣ ወፈር ያለ ሽሮውን አበዛና እንጀራውን ቀነስ አደርጋለሁ። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ሳምቡሳው እጅ ይስባል፣ እኔ ግን መጀመሪያ እንቁላሉን ነው የማነሳው። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ፕሮቲን አይጨምር።

ስህተት 2፦ ቆዳ በክሬም ይሰበሰባል ብሎ ማመን

ቴሌግራም ላይ «በ30 ቀን ቆዳ የሚሰበስብ» የተባለ ክሬም ገዝቻለሁ። ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴ ያነባል።

ቆዳችን ውስጥ ኮላጅንና ኤላስቲን የሚባሉ ክሮች አሉ። ኤላስቲን እንደ ሱሪ ላስቲክ ነው። ለዓመታት ተወጥሮ የኖረ ላስቲክ ስትለቁት ወደ ድሮው አይመለስም። ክሮቹ ያሉት ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር ነው። ክሬሙ የሚያለሰልሰው ላዩን ነው። ያንን ደግሞ ቫዝሊንም በርካሽ ይሠራዋል። ሎሚና ዝንጅብል መቀባትማ ቆዳ ከማቃጠል ሌላ ምንም አይፈይድም። ሆድን በፌስታል ጠቅልሎ ስፖርት መሥራትም ያው ነው። የሚወጣው ላብ ነው፣ ውሃ ስትጠጡ ኪሎው ተመልሶ ይመጣል።

ስህተት 3፦ እጥፋቱን መርሳት

ይሄ ሰው የማያወራው ነው። ያሳፍራላ።

ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት ከብርዱ የተነሳ በሹራብ ላይ ነጠላ ደርቤ እወጣለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቡን አውልቄ በእጄ ይዣለሁ። እኩለ ቀን ላይ ሆዴ ሥር፣ ቆዳው ከቆዳ ጋር በሚገጥምበት፣ ላብ ይቋጥራል። መጀመሪያ አሳከከኝ። ቀጥሎ ቀላ። ከዚያ ተላጠና መሽተት ጀመረ። ታክሲ ውስጥ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ እጨነቅ ነበር።

አንድ ፋርማሲ ገብቼ «ያሳክከኛል» ስል፣ ሳያዩኝ ትንሽ ቱቦ ክሬም ሰጡኝ። በሁለት ቀን ማሳከኩ ጠፋ፤ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቁስሉ ወደ ጎን ሰፍቶ ብሽሽቴ ደረሰ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን ተቀባሽ?» ብላ ነው። ቱቦውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቤታሜታዞን ነበር፣ ስቴሮይድ ማለት ነው። ማሳከኩን ያስታግሳል። ፈንገሱን ግን አይገድለውም፣ እንዲያውም እንዲስፋፋ መንገድ ይከፍትለታል። እንዲህ ያለ ክሬም እጥፋት ላይ ብዙ ሲቀቡት ደግሞ ቆዳን ያሳሳል፣ ሸንተረርም ያወጣል። ላላ ያለ ቆዳ ላይ ይሄ ተጨምሮ አስቡት። የፈንገስ መድኃኒት አዘዘችልኝና ዳነ።

አሁን ከታጠብኩ በኋላ እጥፋቱን አንስቼ በፎጣ መታ መታ አድርጌ አደርቀዋለሁ። አላሽም። ቦርሳዬ ውስጥ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አለ። ኮምቦልቻ ምሳ ሰዓት ላይ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እጥፋቱ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ላቡን እሱ ይጠጣልኛል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እዚህ ላይ ችላ ማለት የለበትም፤ ቁስሉ ቶሎ አይድንም።

ስህተት 4፦ በእግር መሄድ ብቻ ይበቃኛል ማለት

እግር ጉዞ ለልብ ጥሩ ነው። ጦሳን ሽቅብ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ጡንቻ ግን ክብደት ይፈልጋል። ጂም መክፈል ካልቻላችሁ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሙሉ፣ 5 ኪሎ ነው። በሁለት እጅ ሁለት ጀሪካን ይዞ ቁጭ ብድግ መሥራት፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ። ክንዴና ጭኔ በዚህ ለውጥ አሳይተዋል። ሆዴ ብዙም አላሳየም። እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ስህተት 5፦ በሰው አፍ መመራት

«ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ? ወዝሽ ጠፋ!» እኛ አገር መክሳት እንደ ሕመም ነው የሚታየው። በዚህ ተሸንፋ መልሳ የወፈረች ሴት አውቃለሁ። መወፈርና መክሳት ሲደጋገም ደግሞ ቆዳው ይብስበታል። አንድ ነገር ግን እውነት አላቸው፦ ሳትሞክሩ ከከሳችሁ ዝም አትበሉ። ስኳር፣ ቲቢ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር ሊሆን ይችላልና ታዩ።

ስህተት 6፦ ኪሎ ሳይረጋ ስለ ቀዶ ሕክምና መሯሯጥ

በብዛት የተንጠለጠለን ቆዳ በትክክል የሚያስወግደው ቀዶ ሕክምና ነው። ግን ቆዳው መጀመሪያ የራሱን ጊዜ ይፈልጋል። ከከሱ በኋላ አንድ ሁለት ዓመት ድረስ ቀስ እያለ ሊሰበሰብ ይችላል። የወጣት ቆዳ ይሻላል። ለብዙ ዓመት ወፍሮ የኖረና የሚያጨስ ሰው ላይ ደካማ ነው። ሐኪሞች ኪሎው ቢያንስ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ረግቶ እንዲቆይ ይፈልጋሉ። ሲጋራም ከሳምንታት በፊት ይቆማል፣ ምክንያቱም የቁስል መዳንን ያዘገያል። ገና መውለድ የምታስብም ብትቆይ ይሻላታል፤ እርግዝናው ቆዳውን መልሶ ይወጥረዋል።

ቀላል ሥራም አይደለም። የሆዱ ጠባሳ ከዳሌ እስከ ዳሌ ይሄዳል። ለሳምንታት ከባድ ነገር አይነሳም። ከደሴ ደግሞ ብዙ ሰው ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የአልጋውንና የክትትሉን ወጪም አብራችሁ ደምሩ። እኔ ገና አልወሰንኩም። 74 ላይ ከረጋሁ 8 ወሬ ነው።

ባለፈው ሰኞ ቀሚሷን ለመውሰድ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ። ገልብጦ አሳየኝ። ያጠበበውን ጨርቅ በሙሉ ውስጡ አጥፎ ትቶታል፣ አልቆረጠውም። «ድንገት ከተመለስሽ ብዬ ነው» አለኝ፣ ቅር እንዳይለኝ እየፈራ።

«አብሽር፣ ቁረጠው» አልኩት።