ጎርጎራ ዳር ቆሞ ለመወርወር፦ ከባድ የዓሳ ማጥመጃ ዘንግና ሪል (ክር መጠቅለያው) እንዴት ይመረጣል?

የመጀመሪያ ከባድ ዘንጌን የገዛሁት በስሙ ነው። ሻጩ «ሄቪ ነው» አለኝ፤ ሄቪ ከሆነማ ይሁን ብዬ ከፈልኩ። ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ተሸክሜው ከጎንደር ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ወረድኩ። ያለችኝ ማታለያ፣ ዓሳው ምግብ መስሎት የሚነክሳት ባለ መንጠቆ ዕቃ፣ 12 ግራም የምትመዝን ቀጭን የብረት ማንኪያ ነበረች። ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኳት። አሥር እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ጠብ አለች። ደገምኩ፤ ያው ነው። ታንኳቸው ላይ መረብ የሚያራግፉ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ በእጅህ ብትወረውራት አይሻልም?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዘንጉ መጥፎ ሆኖ ግን አይደለም። ከ80 እስከ 150 ግራም ለሚመዝን ነገር የተሰራ ነበር። ዘንግ የሚወረውረው በክብደት ጎብጦ ሲቃና ነው። እንደ ወንጭፍ ላስቲክ ቁጠሩት፤ ካልተለጠጠ አያስፈነጥርም። የኔዋ 12 ግራም ያንን ዘንግ ማጉበጥ ቀርቶ መኖሯንም አላሳወቀችው።

ታዲያ ከባድ ዕቃ ለምን አስፈለገ?

ለዓሳው ብቻ አይደለም። ጣና ላይ በማታለያ የሚያዘው በዋናነት ነጭ ዓሳ ነው፤ ሳይንሱ ላቤዎባርበስ የሚለው። ሐይቁ ውስጥ 15 ያህል ዓይነት አለው። ከነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሳ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው፤ የብረት ማንኪያ ከኋላ የሚከተሉትም እነሱ ናቸው። ትልልቆቹ እስከ 80 ሴንቲሜትር ይደርሳሉ። ቆሮሶ አብዛኛውን ጊዜ አልጌ በል ስለሆነ ለማታለያ ግድ የለውም። አምባዛ አንዳንዴ ይመታል። ሲመታ ታውቁታላችሁ።

ይህን ሁሉ መካከለኛ ዘንግ በትዕግስት ያወጣዋል። ከባዱ የሚያስፈልገው ለርቀቱና ለአረሙ ነው። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ዳሩ ደግሞ ቀስ እያለ ስለሚጠልቅ ደህና ውሃ ለማግኘት አርቆ መወርወር ግድ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ፊት ለፊት ይገፋችኋል። ዓሳው ተይዞ ዳር ሲደርስ ደግሞ ደንገሉ አለ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭም ተጨምሯል። ሁለት ኪሎ ዓሳ አምስት ኪሎ እምቦጭ ተከናንቦ ሲመጣ ቀጭን ዘንግ ያለቅሳል።

ከማታለያው ጀምሩ

መጀመሪያ የምትወረውሩትን ምረጡ፤ ዘንጉ ከዚያ ይመጣል። ለጎርጎራ ዳር እኔ የምወደው ከ28 እስከ 45 ግራም ያለውን ነው። ከዚያ ሲቀል ንፋሱ ይመልሰዋል፤ ሲከብድ ቶሎ ይሰምጥና ድንጋይ ስር ይገባል።

ክብደቱ ካልተጻፈበት ወርቅ ቤት ጎራ በሉ። ቀልዴን አይደለም። ፒያሳ አንዱ ወርቅ ቤት ገብቼ ስድስት ማንኪያ አስመዝኛለሁ። ባለሙያው «ይሄ ደግሞ የየት አገር ጌጥ ነው?» ብሎ ሳቀ እንጂ አልከለከለኝም። ካርቶኑ ላይ 40 ግራም የተጻፈበት 33 ሆኖ ተገኘ።

ዘንጉ

አሁን ዘንጉን አንሱና ከእጀታው ከፍ ብሎ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ሄቪ፣ ሚዲየም የሚለውን እለፉት፤ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የምትፈልጉት በግራም የተጻፈውን ነው፤ ለምሳሌ «20–60»። ይህ የሚወረወረው ነገር ክብደት ነው እንጂ የሚያዘው ዓሳ አይደለም። በአውንስ ከተጻፈ አንድ አውንስ 28 ግራም ያህል ነው። እስከ 60 የሚል ዘንግ 40 ግራም ላይ ደስ ብሎት ይሰራል። ጠርዙ ላይ ያለውን 60 በሙሉ ጉልበት አትወርውሩበት፤ ብዙ ዘንግ የሚሰበረው ዓሳ ሲጎትተው ሳይሆን ሲወረወር ነው። ለኛ ዳር ከ20 እስከ 60 ወይም ከ30 እስከ 80 የሚሉት ይበቃሉ።

ርዝመቱ ከ2.7 እስከ 3 ሜትር ይሁን። በጫማ ከተጻፈ 9 ጫማ ማለት 2.74 ሜትር ነው። አጭር ዘንግ ዳር ያለውን ሣር አያሻግርም። ከ3 ሜትር ሲያልፍ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲወረውር ለዋለ ክንድ ፈተና ነው።

ሁለት ቦታ የሚገጣጠመውን ውሰዱ። ጎርጎራ በአዘዞና በቆላድባ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የ2.7 ሜትር ዘንግ ለሁለት ሲከፈል 1.35 ሜትር ይሆናል፤ ሚኒባስ ውስጥ በእግራችሁ መሃል ይቆማል። ፖርቶመጋላ ላይ ከጤፍ ጆንያ ጋር የታሰረ ዘንግ ምን ሆኖ እንደሚወርድ አይቻለሁ። እንደ አንቴና እየተሳበ የሚረዝመውን ግን ለዚህ ስራ አልመክርም። ለጉዞ ምቹ ነው፤ ግን መጋጠሚያው በዛ፣ ደካማ ቦታውም በዛ።

ካርቦን ቀሎ ቶሎ ይቃናል፣ ግን ድንጋይ ላይ ከተጋጨ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። ፋይበር ግላስ ይከብዳል፣ ጥፊ ይችላል። አርቆ ለመወርወር ካርቦን የበዛበት ይሻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ትንሽ ጥጥ ቆንጥሩና ክሩ በሚያልፍበት በእያንዳንዱ የዘንጉ ቀለበት ውስጥ አሹት። ጥጡ ከተያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ክር በአንድ ቀን ይበላል። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም ዝም ብላችሁ ቀጥሉ።

ሪሉ

ዘንጉ ላይ አትቆጥቡ ከምላችሁ ሪሉ ላይ አትቆጥቡ ብላችሁ ይሻለኛል። ርካሽ ዘንግ ደህና ሪል ይዞ ዓሳ ያወጣል። ተቃራኒውን ሞክሬው አልሆነም።

ሪሉ ላይ የተጻፈው የመጠን ቁጥር 5000 አካባቢ ይሁን። ይህ ቁጥርም ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ስለሚለያይ ክብደቱን እዩ፤ ከ300 እስከ 450 ግራም ይበቃል። ከዘንጉ ጋር ገጥማችሁ ሪሉ የሚቀመጥበትን ቦታ በሁለት ጣት አንጠልጥሉ። ጫፉ በዝግታ ቢያዘቀዝቅ ችግር የለም። ዱብ ካለ ማታ የእጃችሁ አንጓ ይነግራችኋል።

ሻጭ ስለ ኩሽኔታ ብዛት ያወራል። 12 ኩሽኔታ ያለው ቆሻሻ ሪል አለ፣ 5 ብቻ ኖሮት ዓመታት የሚሰራ አለ። እናንተ ማርሹንና ፍሬኑን ፈትሹ። ማርሹ 5 ለ1 አካባቢ ከሆነ እጀታው አንዴ ሲዞር ክሩ አምስት ጊዜ ይጠመጠማል ማለት ነው፤ በዚህ መጠን ሪል 80 ሴንቲሜትር ያህል ይገባል። ከ6 በላይ ፈጣን ነው፣ ግን እምቦጭ ሲጎትቱበት ይደክማል።

ፍሬኑ ዋናው ነገር ነው። ዓሳው ሲሮጥ ክሩን እያላላ የሚለቀው እሱ ነው። ሱቅ ውስጥ ግማሽ ድረስ አጥብቁትና ክሩን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ወዲያው ተነስቶ ወጥ ሆኖ መለቀቅ አለበት። መጀመሪያ እምቢ ብሎ ድንገት እመር የሚል ከሆነ መልሱት፤ ክር የሚበጠሰው በዚያች እምቢታ ነው። ካርቶኑ ላይ «20 ኪሎ ፍሬን» የሚል ብታዩ አትደነቁ። የምትጠቀሙት 3 ኪሎ ነው።

ክሩ

እንደ ሹሩባ የተጎነጎነውን ክር ግዙ። ቀጭን ስለሆነ ይርቃል፤ ስለማይለጠጥ ዓሳው ገና ሲነካው እጃችሁ ይሰማል። 30 ፓውንድ የሚለው፣ ማለትም 13 ኪሎ ተኩል ያህል የሚችለው፣ 200 ሜትር ይበቃል። መጀመሪያ አምስት ሜትር ተራ ናይለን ጠቅልሉ፤ የተጎነጎነው ለብቻው ከሆነ ሪሉ ላይ ይንሸራተታል። ከዚያ አንድ ሰው እርጥብ ጨርቅ ይዞ ክሩን ጠበቅ ያድርግላችሁ። ላላ ብሎ የተጠቀለለ ክር ዓሳ ሲስበው ወደ ውስጥ ይቀበርና በሚቀጥለው ውርወራ ማታለያችሁን ይሸኘዋል። ከሪሉ ክር መያዣ አፋፍ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀር አቁሙ።

ጫፉ ላይ አንድ ሜትር ያህል ወፍራም ናይለን ቀጥሉ፤ 40 ፓውንድ ጥሩ ነው። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። የሽቦ ቅጥያ ግዙ የሚላችሁን ግን አትስሙ። ነጭ ዓሳ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። የአምባዛ ጥርስም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል እንጂ አይቆርጥም። ክራችንን የሚጨርሰው ድንጋዩ ነው፤ ለሱ ወፍራሙ ናይለን ይበቃል።

የሃይላንዱ ፈተና

ውሃ ዳር ከመድረሳችሁ በፊት ፍሬኑን ቤት ውስጥ አስተካክሉ። ሚዛን አያስፈልግም። ደንቡ ክሩ ከሚችለው ሩብ አካባቢ ነው፤ ለኛ 3 ኪሎ። ባለ 2 ሊትርና ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ሙሉና አንድ ላይ እሰሩ፤ ይኸው 3 ኪሎ። የዘንጉን የታችኛውን ግማሽ ብቻ ይዛችሁ፣ ክሩን በቀለበት ሳታሳልፉ ከሪሉ ቀጥታ እሰሩበትና ከመሬት አንሱት። ፍሬኑን ቀስ በቀስ አላሉ። ሃይላንዱ ሳይወድቅ እየተንቀረፈፈ መውረድ ሲጀምር አቁሙ። እኔ ይህን ሰገነት ላይ ሆኜ ስሰራ የጎረቤት ልጆች ውሃ የምቀዳ መስሏቸው «ቧንቧ መጥቷል እኮ!» ብለውኛል። ወደ ቤት ስትመለሱ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አላሉት፤ ተጨንቆ ከከረመ ውስጡ ያሉት ንጣፎች ይጣበቃሉ።

ስትወረውሩም ጉልበት አትጨምሩ። ማታለያው ከዘንጉ ጫፍ 60 ሴንቲሜትር ያህል ተንጠልጥሎ፣ የላይኛው እጅ እየገፋ የታችኛው ወደ ደረት ይሳብ። ትክክለኛው ክብደት ከሆነ ዘንጉ ሲጎብጥ ይሰማችኋል። ከኋላችሁ ሰው አለመኖሩን ሳታዩ ግን እንዳትሞክሩት፤ 40 ግራም ብረት መንጠቆ ይዞ የሚበር ጥይት ነው።

መቼና የት

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሳ ለመራባት እንደ መገጭና ድርማ ወዳሉት ወንዞች ይወጣል። ያን ጊዜ የወንዝ አፍ ላይ ቆሞ መወርወር ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላደርገውም፣ እናንተም ተዉት። የዓሳ ሀብት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 315/1995፤ ክልሉም የራሱ ደንብ አለው። ከመውረዳችሁ በፊት የወረዳውን ግብርና ቢሮ መጠየቅ አይከፋም።

ውሃ ውስጥ አትግቡ። ዳሩ ላይ ቢልሃርዝያ አለ። ጨለም ሲል ደግሞ ጉማሬ ለግጦሽ ይወጣል፤ በሱና በውሃው መሃል መቆም አያዋጣም። ማታለያው እምቦጭ ውስጥ ከተያዘ ዘንጉን አታጉብጡ። ወደ ማታለያው ቀጥ አድርጉት፣ የሪሉን ክር መያዣ በእጃችሁ አፍናችሁ ያዙና ወደ ኋላ ተራመዱ። ወይ አረሙ ይመጣል፣ ወይ ክሩ ይበጠሳል። ዘንጉ ግን ይተርፋል።