ለመዝናኛ የዒላማ ተኩስ የሚሆን ባለ .22 ሽጉጥ በመጠነኛ ዋጋ እንዴት ይመረጣል?

በአሜሪካ የሚኖር ሰው በዕረፍት ቀኑ ወደ ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሄዶ ወረቀት ላይ የታተመ ክብ ዒላማ መምታትን መዝናኛው ለማድረግ ከፈለገ፣ በመጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው ሽጉጥ .22 ሎንግ ራይፍል የተባለችውን ትንሽ ጥይት የሚተኩስ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ ዓላማ ብቻ ነው። ለቤት ጥበቃ ወይም ታጥቆ ለመንቀሳቀስ የሚፈለግ ሽጉጥ መመዘኛው ፈጽሞ የተለየ ስለሆነ እዚህ አይነሣም፤ ሁለቱን ፍላጎቶች በአንድ መሣሪያ ለማሟላት የሚሞክር ገዢም አብዛኛውን ጊዜ ለአንዱም የማይመች ሽጉጥ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ይህች ጥይት ከ1887 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለች ስትሆን፣ የአረሯ ክብደት በተለመደው ዓይነት 40 ግሬይን፣ ማለትም 2.6 ግራም ያህል ብቻ ነው። ርግጫዋ በጣም ቀላል በመሆኑ ጀማሪው ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት ሰውነቱ ሳይሸማቀቅ ቃታውን በዝግታ መሳብን ይለምዳል፤ በዒላማ ተኩስ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሊማረው የሚገባ ነገር የለም። በትልቅ ጥይት የጀመረ ሰው ግን ድምፁንና ርግጫውን እየፈራ አፈሙዙን ወደ ታች የመድፋት አመል ያዳብራል፤ አመሉም በኋላ ለመተው እጅግ ያስቸግራል። የኦሎምፒክ የ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድሮች የሚካሄዱት በዚችው ጥይት ስለሆነ፣ ትንሽነቷ ለጀማሪ ብቻ የምትሆን አያደርጋትም።

ዋጋን በተመለከተ ገዢው በመደርደሪያው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ብቻ ከማየቱ በፊት የዓመቱን ወጪ ቢያሰላ ይበጀዋል። አንድ ሰው በወር ሁለት ጊዜ ሄዶ በእያንዳንዱ ጊዜ 200 ጥይት ቢተኩስ በዓመት 4,800 ጥይት ያስፈልገዋል። የአንዷ .22 ጥይት ዋጋ በግምት 8 ሳንቲም ቢሆን ድምሩ 384 ዶላር ይሆናል፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው 9 ሚሊሜትር ጥይት በ25 ሳንቲም ቢታሰብ ግን 1,200 ዶላር ይደርሳል። በዚህ ላይ የመለማመጃ ቦታው ክፍያ፣ የጆሮ መከላከያ፣ መነጽርና የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ይጨመራሉ። እንግዲህ የጥይቱ ወጪ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር የሚስተካከል ከሆነ፣ 100 ዶላር ለመቆጠብ ተብሎ ቃታው የሚጎረብጥና ማነጣጠሪያው የማይስተካከል ሽጉጥ መግዛት ትርፍ አይደለም። የቁጠባው ቦታ ጥይቱ ነው፤ እሱንም ባለ .22 በመምረጥ አስቀድመን ቆጥበናል።

ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት ሕጉን ማጣራት የግድ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ያለው ነዋሪ መግዛት ይችላል፤ በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው ግን ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በስተቀር መግዛትም ሆነ መያዝ የተከለከለ ስለሆነ፣ የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ጠበቃውን ሳያማክር እጁን ባያስገባ ይሻለዋል። ገዢው የሚሞላው ቅጽ 4473 የተባለው ሰነድ ስለ ወንጀል ታሪክ፣ በቤተሰብ ላይ ስለተፈጸመ ጥቃትና ስለ አደንዛዥ ዕፅ ይጠይቃል። ማሪዋና በክፍለ ግዛቱ ሕግ ቢፈቀድም በፌዴራሉ ሕግ ዘንድ ያልተፈቀደ መሆኑን ቅጹ ራሱ ያስጠነቅቃልና ያልገባዎትን ጥያቄ በግምት አይመልሱ። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ በተለይ ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገርም አለ። ወዳጅ ወይም ዘመድ ገንዘብ ሰጥቶ «በስምህ ግዛልኝ» ቢል፣ እውነተኛው ገዢ እኔ ነኝ ብሎ በቅጹ ላይ መፈረም ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ እንዲህ ያለ ውለታ በይሉኝታ አይዋልም።

የክፍለ ግዛቶቹ ሕግ ደግሞ እጅግ ይለያያል። ለምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ገዢ አስቀድሞ የጣት አሻራ ሰጥቶና የ4 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ ከክፍለ ግዛቱ ፖሊስ የሽጉጥ ብቃት ፈቃድ ማውጣት፣ ከዚያም 7 ቀን መጠበቅ አለበት። በካሊፎርኒያ የደህንነት ፈተና ማለፍና 10 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ነጋዴ የሚሸጣቸው አዳዲስ ሽጉጦችም ከጥቂቶቹ በስተቀር በክፍለ ግዛቱ ዝርዝር ውስጥ የገቡ ሞዴሎች መሆን ሲኖርባቸው፣ የጥይት ካርታው ከ10 በላይ መያዝ የለበትም። ከሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ውጭ ሽጉጥ ገዝቶ በቀጥታ ይዞ መመለስ አይቻልም፤ መሣሪያው በሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ወዳለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ተልኮ ከዚያ ይረከቡታል። ሽጉጡን ወደ ኢትዮጵያ ይዞ የመሄድ ሐሳብም ጨርሶ መምጣት የለበትም፤ በዚያ አገር የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ያሳስራል።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። በገበያው ላይ ያሉት ባለ .22 ሽጉጦች ለእኛ ዓላማ ሲታዩ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ኪስ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ሽጉጦች ናቸው። ዋጋቸው ይስባል፣ ነገር ግን በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያቸው መካከል ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ፣ እጅ በጥቂቱ ሲንቀሳቀስ አረሩ ከዒላማው ብዙ ይርቃል፤ ለመዝናኛ ተኩስ አይመከሩም።

ሁለተኛዎቹ መዶሻቸው በአውራ ጣት እየተሳበ አንድ በአንድ የሚተኮሱ ሪቮልቨሮች፣ ማለትም ጥይታቸው በሚሽከረከር ቋት ውስጥ የሚጎርስ ሽጉጦች ሲሆኑ፣ ከሁሉም የሚረክሱትም እነሱ ናቸው። በ2019 የወጣው ሩገር ራንግለር 200 ዶላር ገደማ ይሸጣል፤ ሄሪቴጅ ራፍ ራይደር ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ስድስት ጥይት አንድ በአንድ ማጉረስ፣ ተኩሶም ቀለሁን አንድ በአንድ ገፍቶ ማውጣት ጊዜ ስለሚወስድ ተኳሹ ጥይት አያባክንም፣ ረጋ ብሎ ያስባል። የጥይት ዓይነትም አያማርጡም፤ ቀለሁን የሚያስወጣው የባሩዱ ኃይል ሳይሆን የሰው እጅ ነውና። ጉድለታቸው በተለመደው ሞዴል ማነጣጠሪያው ቋሚ መሆኑ ነው። ሽጉጡ ወደ ግራ የሚመታ ከሆነ ገዢው ከዚያ ጋር ለመኖር ይገደዳል። በጀቱ በእርግጥ ከ250 ዶላር የማያልፍ ሰው ሳይጨነቅ ይግዛው፤ ከዚያ በላይ ማውጣት የሚችል ግን ጥቂት ወራት ቢታገሥ ይሻለዋል።

የሚታገሥለትም ሦስተኛው ዓይነት፣ ማለትም ለዒላማ ተብሎ የተሠራ፣ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ፣ ሙሉ መጠን ያለው ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ነው። ሩገር ማርክ 4፣ ብራውኒንግ በክ ማርክና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤስ ደብሊው 22 ቪክትሪ በዚህ ክፍል የታወቁት ሲሆኑ፣ መሠረታዊ ሞዴሎቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 500 ዶላር ባለው ይገኛሉ። የሦስቱም ጥንካሬ በአሠራራቸው ላይ ነው፤ ሲተኮስ አፈሙዙ ከነማነጣጠሪያው ባለበት ይቆያል፣ ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሰው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው፤ ክብደታቸውም እጅን ያረጋጋል። የሩገሩ ዝርያ ከ1949 ጀምሮ የመጣ ሲሆን፣ የቀደሙት ሞዴሎች ፈትቶ መግጠሙ ብዙዎችን ያማርር ነበር። በ2016 የወጣው ማርክ 4 ግን ከኋላው ባለች አንዲት ቁልፍ ስለሚፈታ ለማጽዳት ከሦስቱ እጅግ የሚቀለው እሱ ነው። ቪክትሪው ከማይዝግ ብረት የተሠራና አፈሙዙ 5.5 ኢንች የሆነ ሲሆን፣ በዋጋው ካየነው ትክክለኛነቱ ያስደስታል። ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ የሚፈልግ ገዢ ታውረስ ቲኤክስ 22ን ማየት ይችላል። አካሉ ፖሊመር ስለሆነ ቀላል ነው፣ ከ10 በላይ ጥይት በሚፈቀድበት ክፍለ ግዛት ካርታው 16 ይይዛል፤ የዒላማ ሽጉጦቹን ክብደትና መረጋጋት ግን አይሰጥም። በእኔ ግምት አንድ ጊዜ ገዝቶ ለረጅም ዘመን ለመጠቀም ለሚያስብ ሰው ከማርክ 4ና ከቪክትሪው አንዱ ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚወስነው እጅ ነው።

እጅ የሚወስነው ደግሞ በመያዝ ነው። ብዙ የመለማመጃ ቦታዎች ሽጉጥ ያከራያሉ፤ ሳይገዙ በፊት ተከራይቶ መተኮስ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ያ ካልተቻለ በሱቁ ውስጥ ሻጩ ባዶ መሆኑን ካሳየዎት በኋላ እርስዎም ካርታው የወጣ፣ ጥይቱ ለመተኮስ የሚገባበት ማጉረሻም ባዶ መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ አፈሙዙን ሻጩ ወደሚያሳይዎት ማንም ወደሌለበት አቅጣጫ ያዙሩ። እጀታውን ሲጨብጡ የአመልካች ጣትዎ የመጀመሪያው አንጓ ቃታው ላይ ሳይለጠጥ ማረፍ አለበት። ከዚያ ባዶውን መሳብ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ባለ .22 ሽጉጦች ባዶውን ሲተኮሱ ጥይቱን የሚመታው መርፌ የማጉረሻውን ጠርዝ ሊመታና ሊጎዳ ስለሚችል፣ ፈቃድ መጠየቅ እዚህ ከትሕትና ያለፈ ምክንያት አለው። ከተፈቀደልዎት ቃታውን በጣም ቀስ አድርገው ይሳቡ። ጥሩ ቃታ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ልል ሆኖ ይመጣል፣ ከዚያ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ በዚያ ላይ ግፊት ሲጨመር ሳይንሸራተት በአንድ ጊዜ ይለቃል። አሸዋ የገባበት የሚመስል፣ እየተቆራረጠ የሚመጣ ወይም ሲለቅ የፊት ማነጣጠሪያውን የሚያስፈነጥር ከሆነ ወደሚቀጥለው ሽጉጥ ይለፉ።

ያገለገለ ሽጉጥ መግዛት በዚህ ክፍል በጣም ጥሩ ቁጠባ ነው፤ .22 ጥይት ብረትን በቀላሉ አያስረጅምና። የሚመረመረው የማጉረሻው ጠርዝ በመርፌው ተመትቶ አለመጎድጎዱ፣ የአፈሙዙ ጫፍ አለመቆረሱና የካርታው ከንፈሮች አለመጣመማቸው ነው። ያገለገለ ማርክ 4 ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ከሰኔ 1 ቀን 2017 በፊት በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠሩት የደህንነት ቁልፋቸው በመሃል ሲቀር ሳይታሰብ ሊተኩሱ ስለሚችሉ፣ አምራቹ በነጻ ሊያስተካክላቸው ጠርቷቸዋል። በመለያ ቁጥሩ ሥራው መሠራቱን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ስለ ማስቀመጫው ከሽጉጡ ጋር በአንድ ጊዜ ይታሰብ እንጂ ለሌላ ቀን አይተው። ነጋዴው ከሽጉጡ ጋር መቆለፊያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ይሁንና ልጆች ባሉበትና እንግዳ በማይጠፋበት ቤት ግድግዳ ወይም ወለል ላይ የታሰረ የብረት ካዝና ያስፈልጋል፣ ጥይቱም በሌላ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጣል። የመዝናኛ ሽጉጥ በመኝታ ራስጌ የሚቀመጥበት ምንም ምክንያት የለውም። በቤተሰቡ ውስጥ በጭንቀት ወይም በተስፋ መቁረጥ ውስጥ ያለ ሰው ካለ ሽጉጡ ለጊዜው ከቤት ይውጣ፤ በአሜሪካ 988 ላይ በመደወል በማንኛውም ሰዓት እርዳታ ማግኘት ይቻላል።

በመለማመጃ ቦታው ሽጉጡ ሁልጊዜ የጎረሰ እንደሆነ ይታሰባል፣ አፈሙዙም ከዒላማው አቅጣጫ አይዞርም፤ ለመተኮስ እስኪወስኑ ድረስም ጣት ቃታ ላይ አይገባም። የዚች ትንሽ ጥይት ድምፅ ከሽጉጥ ሲወጣ ከ140 ዴሲቤል ስለሚያልፍ፣ በተለይ ጣሪያ ባለው ቦታ የጆሮ መሰኪያውን ከነሽፋኑ ደርቦ ማድረግ ይገባል። አረሩ እርሳስ፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቆስቋሽም የእርሳስ ውሁድ ስለሆነ እዚያ አይበላም፣ አይጠጣም፤ ሲጨርሱ እጅና ፊት በሳሙና ይታጠባል፣ ልብስም ሕፃን ከመታቀፍ በፊት ይቀየራል።

በመጨረሻም ሽጉጡ ከተገዛ በኋላ የሚመረጥ አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም ጥይቱ ነው። .22 ጥይት የሚቀጣጠለው ከኋላ መሃሏ ሳይሆን ጠርዟ ሲመታ ነው። ቆስቋሹ በጠርዙ ዙሪያ እኩል ሳይዳረስ የቀረ እንደሆነ መርፌው ቢመታትም አትተኩስም፤ ስለዚህ ርካሽ ጥይት አልፎ አልፎ መክሸፉ የተለመደ ነው። ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዙ 30 ሰኮንድ ይቆዩ፣ ከዚያ ያውጧት። ወጥታ ሲያዩዋት ጠርዟ ላይ ጥልቅ ምልክት ካለ ጥፋቱ የጥይቷ ነው፤ ምልክቱ በብዙዎቹ ላይ ጭረት ብቻ ከሆነ ግን ሽጉጡ መጽዳት ወይም መጠገን ይፈልጋል። ድምፁ ከወትሮው የደከመ ተኩስ ከተሰማዎት አረሩ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ያቁሙ፤ ሽጉጡን አራግፈው አፈሙዙን ሳይፈትሹ ሌላ ጥይት አይተኩሱ። ለመጀመሪያ ቀን ከሦስት አምራቾች አንዳንድ ትንሽ ሣጥን፣ ለምሳሌ 40 ግሬይኑን ሲ ሲ አይ ሚኒ ማግ ጨምረው ይግዙ፤ እጅዎን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው ከ15 ያርድ በየዓይነቱ አሥር አሥር በተለያየ ወረቀት ላይ ይተኩሱ። የትኛው ሳይከሽፍ በጠባብ ቦታ እንደተሰበሰበ ካዩ በኋላ ማነጣጠሪያውን በዚያ ጥይት ያስተካክሉ፤ አረሩ እንዲሄድ ወደሚፈልጉበት አቅጣጫ የኋላውን ማነጣጠሪያ ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያም የዚያኑ ዓይነት በ500 ፍሬ ማሸጊያ ይግዙ።