በአር ፈንክሽንን በስሙ ስትጠሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠበቁ

«ዱ.ኮል» (do.call) በአር (R) የፕሮግራም ቋንቋ ፈንክሽንን በስሙ የሚጠራ ትእዛዝ ነው። ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የፈንክሽኑን ስም እና የግብዓቶቹን ሊስት። ጀማሪ የሚሰናከለው ሁለተኛው ላይ ነው። ቬክተር (የቁጥሮች ድርድር) ብትሰጡት አር ሊስት ካልሆነ አልቀበልም ብሎ ያቆማችኋል፤ ይሄስ ደግ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው መልእክቱን ዝም ለማሰኘት ቬክተሩን በትናችሁ ሊስት ስታደርጉት ነው።

የሦስት ወረዳ የስንዴ ምርት በሄክታር 12፣ 18 እና 24 ኩንታል ነው እንበል። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሊስት ውስጥ ደርድራችሁ ድምር የሚያወጣውን «ሰም»ን (sum) ስትጠሩ 54 ይላል፤ ልክ ነው። ትልቁን የሚያወጣው «ማክስ» (max) 24 ይላል፤ እሱም ልክ ነው። በዚያው ኮድ አማካይ የሚያወጣውን «ሚን» (mean) ስትጠሩ ግን 18 መሆን ሲገባው 12 ይላችኋል። ስህተት የሚል መልእክት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ! ሰም እና ማክስ የመጣላቸውን ቁጥር ሁሉ ይሰበስባሉ፤ ሚን ግን መረጃ አድርጎ የሚወስደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። 18ን ከዳርና ዳር ምን ያህል ይቆረጥ ለሚለው፣ 24ን ደግሞ የጎደለ መረጃ ይውጣ ወይ ለሚለው መልስ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በአሁኑ አር መካከለኛውን ቁጥር የሚያወጣው «ሚዲያን»ም (median) እንደዚሁ 12 ነው የሚለው።

እኔም በዚህ መንገድ የሠራሁትን ሠንጠረዥ አስረክቤ አውቃለሁ። ድምሩን በእጄ አመሳክሬ ልክ ስለመጣልኝ አማካዩን ሳላየው አለፍኩ። ያገኘችው ከወረዳ የመጣች ባለሙያ ናት፤ «አማካዩ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የእኛ ቁጥር የሚሆነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የእሷ ወረዳ በዝርዝሩ የመጀመሪያዋ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ይህን ኮድ ተማሪ እጅ ላይ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ቬክተሩን ሳትበትኑ እንደ አንድ ዕቃ ሊስቱ ውስጥ ክተቱት፣ «ኤክስ» (x) የሚለውንም ስም ስጡት። ሌሎቹንም ግብዓቶች በስማቸው ስጡ።

ትእዛዝን እንደ ጽሑፍ ገጣጥሞ በ«ፓርስ» (parse) እና በ«ኢቫል» (eval) ማስኬድ፦ አታድርጉት። ስሙን የሚጽፈው ሌላ ሰው ከሆነ የጻፈው ሁሉ ኮድ ሆኖ ይሄዳል፤ ፋይል የሚሰርዝ ትእዛዝም ቢሆን። የምትፈቅዷቸውን ፈንክሽኖች ከነስማቸው ሊስት ውስጥ አስቀምጡና ከዚያ ምረጡ። ስታወጡ ድርብ ማዕዘን ቅንፍ ([[ ]]) ተጠቀሙ፤ ነጠላው የሚመልስላችሁ ፈንክሽኑን ሳይሆን ሌላ ትንሽ ሊስት ነው።

ፈንክሽኑ ያለበትን ፓኬጅ ስም ከነሁለት ነጥቦቹ (::) ጥቅስ ውስጥ አትክተቱ፤ አር ሁሉንም እንደ አንድ ስም ይፈልግና ያጣዋል። ጥቅሱን አንሡና ፈንክሽኑን ራሱን ስጡት።

ፈንክሽን በስሙ ስትፈልጉ ከ«ጌት» (get) ይልቅ «ማች.ፈን» (match.fun) ይሻላል። ሚን የሚባል ተለዋዋጭ ፈጥራችሁ ከሆነ ጌት ቁጥሩን ያመጣላችኋል፤ ማች.ፈን ግን ፈንክሽን ያልሆነውን እያለፈ ይፈልጋል።

የሪግሬሽን ሞዴል የሚሠራውን «ኤልኤም»ን (lm) በዱ.ኮል ስትጠሩ ደግሞ ዳታ ፍሬሙን (የዳታውን ሠንጠረዥ) ሳይሆን ስሙን በ«አዝ.ኔም» (as.name) አድርጋችሁ ስጡ። አለበለዚያ ውጤቱን ስታዩት ከቀመሩ ቀጥሎ የዳታው ይዘት በሙሉ ስክሪኑ ላይ ይዘረገፋል።