ለጓደኛህ ዘመድ የውጭ ሕክምና ቀድመህ ልትከፍል ነው?

ጓደኛህ ከደሴ ደውሎ «አክስቴ ሕንድ ልትታከም ነው፣ ለጊዜው አንተ ክፈልልኝ» ካለህ እሺ ከማለትህ በፊት ከሆስፒታሉ በቀጥታ የተላከ የዋጋ ግምት ጠይቅ። የደላላ ስክሪንሾት አይበቃም። ግምቱም ግምት ነው፤ ታማሚዋ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባች ወይም ቀኑ ከረዘመ ሂሳቡ ስለሚጨምር፣ ጭማሪውን ማን እንደሚሸፍን አሁኑኑ ተነጋገሩ፣ አልጋ ላይ ከተኛች በኋላ ይህን ማንሳት በጣም ይከብዳል።

ብሩን ለግለሰብ እጅ አትስጥ። በባንክ፣ በሆስፒታሉ ስም ወዳለ አካውንት ይላክ። ባንክ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ (ታማሚዋ ውጭ አገር መታከም እንዳለባት የሐኪሞች ቡድን የሚሰጠው ወረቀት) ስለሚጠይቅ ቤተሰቡ ቀድሞ ያውጣው። የተረፈ ገንዘብ ለማን እንደሚመለስም ከሆስፒታሉ በጽሑፍ ተቀበል። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል!

ከጓደኛህ ጋርም ተፈራረሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በሰው ምስክር ብቻ አይረጋገጥም። ወሎ ላይ ይሉኝታው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ወዳጅነታችሁን የሚያቆየው ይኸው ወረቀት ነው። ተበዳሪው እሱ ይሁን አክስቱ ለይታችሁ ጻፉ፤ የመመለሻውን ቀንም አትተዉ። ሁለት የታመኑ የቅሬ (የዕድር) ሰዎች በምስክርነት ይፈርሙበት። ሙሉውን ካልቻልክ የምትችለውን ብቻ ንገረው፣ ቀሪውን ዘመድና ጎረቤት ያሰባስብ።