ሁለት ሆነው ቲያትርና ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ የመጀመሪያ ቲያትራችንን ከጓደኛዬ ጋር ስንጀምር ውላችን ወሬ ብቻ ነበር። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር፣ ቡና እየጠጣን ተስማማን። እኔ የአዳራሹን ኪራይና የፖስተሩን ከፈልኩ። እሱ ለሦስት ወር ተዋናዮቹን አለማመደ። የቲኬቱ ገንዘብ ሲመጣ እኔ «መጀመሪያ ያወጣሁት ይመለስልኝ፣ ትርፉን እንካፈላለን» አልኩ። እሱ ደግሞ ከጠቅላላው ገቢ እኩል እንደምንካፈል ነበር የሚያውቀው። ማናችንም አልዋሸንም። ግን ዓመት ያህል ተኳርፈን ከረምን።

አንደኛው ስህተት ይሄው ነው፣ ሳይጻፉ መጀመር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ? ማን ምን አዋጣ? ጉልበት በስንት ይታሰባል? ቢከስር ማን ይሸከማል? አንዱ ቢወጣ ሥራው የማን ይሆናል? አንድ ገጽ ይበቃል። ኪሳራን አስቀድሞ መጻፍ ሟርት የሚመስላቸው አሉ። ሟርት አይደለም፣ ወዳጅነትን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው፣ ሁለታችሁም አዛዥ መሆን። ኢስማኤል መርቻንትና ጄምስ አይቮሪ የፊልም ድርጅታቸውን እ.ኤ.አ. በ1961 መሠረቱ። በዋናነት መርቻንት ገንዘብ ያፈላልጋል፣ አይቮሪ ያዘጋጃል። መርቻንት እ.ኤ.አ. በ2005 እስኪያርፍ ድረስ አብረው ዘለቁ። እኛ ጋ ግን ልምምድ ላይ አንዱ «ግባ» ሲል ሌላው «ቆይ» ይላል። ተዋናዩ ማንን ይስማ?

የቲያትርና የፊልም ገንዘብ አትቀላቅሉ። ቲያትር በታየ ቁጥር ጥቂትም ቢሆን ያስገባል። ፊልም ግን እስኪያልቅ ድረስ ይበላል እንጂ አይሰጥም። የመድረኩን ገቢ ለቀረፃ ካዋላችሁት የተዋናዮቹ ክፍያ ይዘገያል፣ ከዚያ ጥሏችሁ የሚሄደው ጎበዙ ነው።

ቦታውን አለማጥናትም ያስከፍላል። የድሬን የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ታውቁታላችሁ። በዚያ ፀሐይ የቀን ትርዒት ይዛችሁ አዳራሹ ባዶ ቢሆን ተመልካቹን አትውቀሱ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ለመቅረፅ ካሰባችሁ ደግሞ ብዙዎቹ መተላለፊያዎች መኪና አያስገቡም። ጄኔሬተሩም መብራቱም በሰው ትከሻ ነው የሚገባው። የተሸካሚ ሂሳብ በጀቱ ውስጥ ይግባ። ነዋሪውንም ቀድማችሁ አስፈቅዱ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ቢመዘገብም፣ ካሜራ የምትተክሉት የሰው ደጃፍ ላይ ነው።

የመጨረሻው ደራሲውን መርሳት ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን ይጠብቅለታል። ለመድረክ የወሰዳችሁትን ድርሰት ሳታስፈቅዱት ፊልም ልታደርጉት አትችሉም። ለመድረኩና ለፊልሙ ለየብቻ ተዋዋሉ፣ ደራሲው አብሮ አደጋችሁ ቢሆንም እንኳ።