«አልበላም» የሚል ልጅን አትክልት ማስለመድ

እስከ 2 ዓመቱ የሰጡትን ሁሉ ሲጎርስ የነበረ ልጅ ድንገት አረንጓዴ ነገር ባየ ቁጥር አፉን ቢዘጋ አትደንግጡ። ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ አዲስ ምግብ መፍራት በብዙ ልጆች ላይ ይታያል። መራራ ነገር ደግሞ ለልጅ ምላስ ከአዋቂው ይልቅ ይጎላል። ስለዚህ በጎመን አትጀምሩ። መጀመሪያ ጣፈጥ የሚሉት ካሮት፣ ዱባና ስኳር ድንች፣ ቀጥሎ ፎሶሊያና ቆስጣ፣ ጎመን በመጨረሻ።

ከሁሉ በፊት ግን ከምግብ በፊት ያለውን ሰዓት አስተካክሉ። ምሳው 7 ሰዓት ከሆነ፣ 6 ሰዓት ላይ ብስኩትና ጁስ የወሰደ ልጅ ካሮት የሚበላበት ሆድ የለውም። ምሳ ሊደርስ 2 ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ ውኃ ብቻ ስጡት። ወተትም በቀን ከግማሽ ሊትር ብዙ ካለፈ የምግቡን ቦታ ይወስዳል። ሻይ ከልጅ ገበታ ይራቅ፤ ከጎመንና ከምስር የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው መጠኑ ነው። በግምት በየዓመቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይታሰብ፦ ለ3 ዓመት ልጅ 3 ማንኪያ የበሰለ አትክልት በቂ ነው። አዲስ ከሆነ ደግሞ 1 የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ ከሚወደው ምግብ አጠገብ፣ ሳይቀላቀል። ካልነካው ምንም ሳትሉ አንሡት፤ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ያንኑ መልሳችሁ አቅርቡ። አንድ ልጅ አዲስ ጣዕም እስኪለምድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። አብዛኛው ሰው 3ኛው ላይ «ይሄ ልጅ ካሮት አይወድም» ብሎ ይፈርዳል፣ ልጁም ፍርዱን ሰምቶ ይይዘዋል።

ጉርሻ ፍቅር ነው፤ አፉን ለዘጋ ልጅ ግን ግዴታ ይሆንበታል። «ይሄን ከጨረስክ ከረሜላ» ማለትም አይረዳም፤ ጎመኑ ከረሜላ ለማግኘት የሚከፈል ዋጋ ይመስለዋል። ስልክ እያሳዩ ማጉረስ ደግሞ ሆድ ይሞላ እንደሆነ እንጂ ምላስ አያስለምድም። ምን እንደሚቀርብ ወላጅ ይወስን፣ ስንት እንደሚበላ ልጁ። አያት ካለችበት ቤት ይህን አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ጉርሻውን መገልበጥም ይቻላል፦ ልጁ በእንጀራ ካሮት ጠቅልሎ እናንተን ያጉርስ። ይነካዋል፣ ያሸተዋል፣ ስትበሉ ያያል፤ ብላ ያለው ግን የለም። ብዙዎቹ ጣታቸውን ሲልሱ ነው የሚቀምሱት።

ለመጀመሪያ የሚሆን ምግብ ካሮት ያለበት ነጭ ሽሮ ነው፣ ለሁለት ልጆች። አንድ ትንሽ ሽንኩርት አድቅቃችሁ በትንሽ ውኃ 5 ደቂቃ አቁላሉ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሩ። አንድ መካከለኛ ካሮት በመፈቅፈቂያው ደቃቅ በኩል ፈቅፍቃችሁ አስገቡና እስኪሟሽሽ 7 ደቂቃ ያህል ይብሰል። ከዚያ 2 ብርጭቆ ውኃ። 4 የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩና በቀስታ እሳት 15 ደቂቃ አንተክትኩት። ደረቁን ሽሮ የፈላ ውኃ ላይ ብትበትኑት ይጓጉላል። ካሮቱን ከሽሮው በኋላ ብታስገቡት ደግሞ ሳይሟሽሽ ይቀራል፤ ልጁ በምላሱ ለቅሞ ይተፋዋል። ዘይቱን አትቆጥቡ፤ ከካሮት የሚገኘው ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ አይወሰድም። ካሮቱን ግን አትደብቁ፤ «ካሮት አለበት» በሉት፣ ጥቂት የበሰለ ካሮትም አጠገቡ ይቀመጥ። በድብቅ የገባበትን ያወቀ ልጅ ሽሮውንም ሊተው ይችላል።

ጎመኑ ሲደርስ የመሐል አገዳውን አውጡ። ቅጠሉን በብዙ የፈላ ውኃ፣ ድስቱ ሳይከደን፣ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ቀቅላችሁ ውኃውን ድፉ፤ ከምሬቱ የተወሰነው አብሮ ይሄዳል። ጥቂት ቫይታሚንም ይሄዳል፣ ለማስለመጃ ግን ይቻላል። ጨምቃችሁ በጣም አድቅቁና በሽንኩርትና በዘይት ካበሰላችሁ በኋላ ከተፈጨ ድንች ጋር አንድ እጅ ጎመን ለሦስት እጅ ድንች አዋሕዱ። በየሳምንቱ ጎመኑን ጨምሩ። ጥቅል ጎመን ግን ረጅም ጊዜ ሲንተከተክ የድኝ ዓይነት ሽታ ስለሚያወጣ ለስለስ እንዳለ አውርዱት።

የምትጾሙ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ሥራው ቀላል ነው፤ በያይነቱ ላይ ካሮቱም ፎሶሊያውም ቀይ ሥሩም አለ። ቃሪያው ከመግባቱ በፊት የልጁን ድርሻ ቀንሱ። ቀይ ሥር በበላ ማግስት ሽንቱ ወይም ሰገራው ቀላ ቢል ከዚያው ነው። ጥሬ ካሮት በቁራጭ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ፣ ያንቃል፤ ይፈቅፈቅ ወይም ይብሰል።

ክብደቱ ከቀነሰ ወይም መጨመር ካቆመ፣ ሲውጥ የሚያንቀው ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ወይም የሚበላቸው ምግቦች በጣት የሚቆጠሩ ሆነው እነሱም እየቀነሱ ከሄዱ ነገሩ የአትክልት ጉዳይ አይደለምና ጤና ጣቢያ ውሰዱት።