የጤፍ ብረት ወዴት ይሄዳል? አልሚ ምግብ ስናዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሕፃናት አጥሚት ዱቄት የሚሸጡ ሰዎች ዛሬ የሚፎካከሩት በእህል ቁጥር ነው። አንዱ አሥር ዓይነት እህል ቀላቅያለሁ ሲል ሌላው አሥራ አምስት ይላል። እህል መቁጠር ቀላል ነው። በእህሉ ውስጥ ያለው ብረትና ዚንክ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ መግባቱ ግን በማሸጊያው ላይ አይጻፍም። ምግቡ የሚባክነውም እዚህ መሃል ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የተለካውን ብረት በሙሉ እንደ ተበላ መቁጠር ነው። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው ሲባል ያልሰማ የለም። ይሁንና ጤፍ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከአፈር ጋር ስለሚነካካ፣ በላብራቶሪ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ የአፈሩ ነው፤ የአፈር ብረት ደግሞ አብዛኛው ለሰውነት አይውልም። እህሉ ራሱ የያዘውም ቢሆን ፋይቴት በተባለ ውህድ የታሰረ ነው። ፋይቴት ዘሩ ሲበቅል የሚጠቀምበት የፎስፈረስ ስንቅ ነው። እኛ ስንበላው ግን ብረቱንና ዚንኩን እንደያዘ ከሆድ ይወጣል።

ይህን እስር እናቶቻችን ስሙን ሳያውቁት ሲፈቱት ኖረዋል። እርሾ ሊጡን ሲያኮመጥጠው ፋይቴትን የሚሰባብረው ኢንዛይም ሥራውን የሚሠራበት ምቹ ሁኔታ ይፈጠራል። ለዚህ ግን ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለተኛው ስህተት የቡኮውን ቀን መስረቅ ነው። ሁለት ሦስት ቀን መቆየት የሚገባው ሊጥ አንድ ሌሊት አድሮ ምጣድ ላይ ይወጣል። በአሜሪካ በሚኖሩ አንዳንድ ወገኖቻችን ቤት ደግሞ መንፊያ (ቤኪንግ ፓውደር) የተጨመረበት ዱቄት በጋዝ ውሃ ተበጥብጦ ወዲያው ይጋገራል። እንጀራው ዐይን ያወጣል፤ ዐይኑን ያወጣው ግን የመንፊያውና የጠርሙሱ ጋዝ እንጂ እርሾ አይደለም። የሥራ ሰዓት ለማንም ስለማይራራ አልፈርድባቸውም። ብቻ ያ እንጀራ ከቡኮው እንጀራ ጋር እኩል እንዳይቆጠር። ቡኮም ቢሆን ፋይቴቱን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

ወደ አጥሚቱ ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ እሱ ነውና። እህሉ ሳይዘፈዘፍና ሳይበቅል ቀጥታ ተቆልቶ ይፈጫል። ቆሎ ሽታው ደስ ይላል፤ እሳቱ ግን ፋይቴቱን ሊፈታ ይችል የነበረውን ኢንዛይም ቀድሞ ይገድለዋል። በዚህ ላይ አምስት ዓይነት እህልና ጥራጥሬ ሲጨመር የየራሳቸው ፋይቴት አብሮ ይጨመራል። የሚሻለው እህሉን ዘፍዝፎ ማብቀል፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ ማስፈጨት ነው። ብቅል ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ለብ ባለ ወፍራም ገንፎ ላይ ቢጨመር ስታርቹን እየሰባበረ በደቂቃዎች ውስጥ ያቀጥነዋል። ከዚያ ገንፎውን መልሶ ማፍላት ያስፈልጋል። ሕፃኑም ውሃ የበዛበት አጥሚት ከሚጠጣ በትንሽ ሆዱ ብዙ ጉልበት ያገኛል። ሁለት ነገር ግን ይታሰብ። የሻገተ ብቅል ይጣል። ማሽላ ከሆነ ደግሞ ቡቃያውና ሥሩ ሳያናይድ የሚፈጥር ውህድ ስላለባቸው ከደረቁ በኋላ ተፈትገው መወገድ አለባቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ማንም ሊሰማው የማይወደው ነው፦ ቡና። አንድ ስኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት የሚቀበለውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ የተለካበት ጥናት አለ። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ቡና ጉዳቱ ከምግብ ጋር ከተጠጣው አላነሰም፤ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም። ስለዚህ ቡናው ከቤት ይውጣ አልልም፤ እኔም ብባል አልሰማም። ምሳ እንደተነሣ ከሚፈላ ግን ከምሳው አንድ ሰዓት አስቀድሞ፣ ወይም ከምሳው በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ይፈላ፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና ደም ማነስ ያለባት ሴት ባለችበት ቤት። በምስሩ ወጥ ጎን ደግሞ ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ይቅረብ። ቫይታሚን ሲ ብረትን ወደ ደም የሚያሻግር ጥሩ ረዳት ነው፤ ሲበስል ግን ብዙው ይጠፋል። ስንግ ቃሪያ ለጣዕም ብቻ የቀረበ የሚመስለው ካለ ይህን ያስብበት።

የቀሩት ጥፋቶች በአጭሩ የሚነገሩ ናቸው። ካሮትና ጎመንን ያለ ቅባት መብላት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠውን ንጥረ ነገር ያባክናል፤ በጾምም ቢሆን አንድ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል። ተልባ ሳይፈጭ ከተዋጠ አብዛኛው እንዳለ ያልፋል፤ ተፈጭቶ ለወራት ከተቀመጠ ደግሞ ቅባቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየፈጩ መጠቀም ነው። እርድን በውሃ በጥብጦ መጠጣት ብዙ አይጠቅምም፤ በዘይትና በቁንዶ በርበሬ ሲሆን በተሻለ ወደ ደም ይገባል። ቁንዶ በርበሬ ግን የአንዳንድ መድኃኒቶችንም ቅበላ ስለሚጨምር፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በብዛት ከመጠቀሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። አዮዲን ያለው ጨው በክፍት ዕቃ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ፣ ወጡም ገና ሲጣድ ከተጨመረ አዮዲኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።